የሚመጣውን ቀን ስለ መጠበቅ

ክፉ ወሬ በአገራችን ሥርዓት አለው። ሰው በሩቅ ዘመድ የሞተበት እንደ ሆነ በድንገት አይነገረውም፤ ወዳጅና ጎረቤት በሌሊት ተሰብስቦ ጎሕ ሲቀድ መርዶው ይነገራል፤ ኀዘንተኛው ሲወድቅም የሚደግፈው ክንድ በአጠገቡ ይገኛል። ይህ የጨዋ ልማድ ነው። ነገር ግን መርዶ የሚነገረው ስላለፈ ነገር ነው። ገና ወደ ፊት የሚመጣውን፣ ያውም ቀኑ ያልተቆረጠውን ክፉ ነገር ለባለቤቱ እንዴት እንደሚነግሩት አባቶቻችን ያቆዩልን ሥርዓት መኖሩን እጠራጠራለሁ።

በአቃቂ ቃሊቲ፣ ከቤቴ ጥቂት ራቅ ብለው የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ መምህር አሉ። ስኳርና የደም ግፊት ለብዙ ዓመታት አብረዋቸው ኖረዋል። አንድ ቀን ሐኪሙ ልጆቻቸውን ለብቻ ጠርቶ የአባታቸው ኩላሊት እየደከመ መሄዱን፣ ጊዜው ሲደርስም ደማቸው በመኪና መታጠብ እንደሚያስፈልገው ነገራቸው። ልጆቹ ተማከሩና ነገሩን ሸሸጉ፤ ለአባትየው ግን «ትንሽ የደም ማነስ ነው» ተባለ። በፍቅር የተደረገ መሆኑን ማንም አይክድም። ሆኖም ሰውየው ጨው ሲከለከሉ ምክንያቱን ስላላወቁ በየድግሱ ቤት ያገኙትን ይበሉ ነበር፤ ወገባቸውን ባመማቸው ጊዜም ከመድኃኒት ቤት የሕመም ማስታገሻ እየገዙ ይውጡ ነበር። ከነዚህ ማስታገሻዎች አንዳንዶቹ የደከመን ኩላሊት ይብሱን እንደሚጎዱ የነገራቸው የለም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ተረቱ የሚወቅሰው ሕመምተኛውን ነው፤ በሽታውን ከባለቤቱ የሚደብቀውን ቤተ ሰብ ግን አላሰበውም።

የኩላሊትን ሥራ ለአቃቂ ሰው ማስረዳት አያስቸግርም። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የከተማውን እድፍ ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል ሲወርዱ ያያል፤ የፍሳሽ ማጣሪያውም በቃሊቲ ነው። ሁለቱ ኩላሊቶች በየቀኑ 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጠላሉ፤ አብዛኛውን መልሰው ለሰውነት ይሰጡና አንድ ሊትር ተኩል ያህሉን በሽንት ያስወጡታል። ይህ ኃይል ከ15 በመቶ በታች ሲወርድ ሕመሙ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ደረሰ ይባላል። ይሁን እንጂ እጥበቱ በዚያው ቀን ይጀመር ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ 828 ሕመምተኞችን አወዳድሮ የወጣው ጥናት፣ ቀድሞ መጀመር ምልክቱ እስኪታይ ከመጠበቅ ይልቅ ዕድሜ እንደማይጨምር አሳይቷል። እንግዲያስ በዚህ መካከል የሚያልፈው ጊዜ የሰውየው የራሱ ኑሮ ነው፤ ለመኪናው ተራ የሚያዝበት ሰልፍ አይደለም። ነገር ግን ያላወቀ ሰው ይህን ጊዜ እንዴት አድርጎ የራሱ ያደርገዋል?

መምህሩ እውነቱን ያገኙት የምርመራ ወረቀታቸውን ራሳቸው አንብበው ነው። እጅግ ተቆጡ። «ሽማግሌ ሳለሁ ሕፃን አደረጋችሁኝ» ብለው ለሳምንታት ከልጆቻቸው ጋር ሳይነጋገሩ ሰነበቱ። በኋላ እኔ ልጠይቃቸው ሄጄ ሞትን መፍራት እንደሌለባቸው ጥቂት ቃል ብጀምር አቋረጡኝ። «እኔ የፈራሁት ሞትን አይደለም። ፎቶግራፌ በመኪና ላይ ተለጥፎ፣ ስሜ በድምፅ ማጉያ እየተጠራ በከተማው ሲለመንልኝ ይታየኛል» አሉኝ። አፈርሁ፤ ያልተጠየቅሁትን እየመለስሁ ነበርና።

ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም። እንዲህ ያሉትን መኪናዎች በአዲስ አበባ ጎዳና ያላየ የለም። እጥበት በወጉ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በያንዳንዱም አራት ሰዓት ያህል ነው፤ በእኛ አገር ግን ብዙዎች በገንዘብ እጦት ሁለት ጊዜ ብቻ ይታጠባሉ። መኪናውን እ.ኤ.አ. በ1943 በጀርመን ጦር በተያዘችው በሆላንድ የሠራው ዊለም ኮልፍ፣ ያገኘው ዕቃ ቋሊማ የሚጠቀለልበት ሴሎፎን ነበር፤ በመጀመሪያ ያከማቸው አብዛኞቹም ሞተውበታል፤ ያዳናት አንዲት ሴት እ.ኤ.አ. በ1945 ተገኘች። ቆየት ብሎም በአሜሪካ፣ በሲያትል ከተማ፣ መኪናው ለሁሉ ስላልበቃ ማን ይታጠብ፣ ማን ይቅር ብሎ የሚመርጥ የሰባት ሰዎች ኮሚቴ ተቋቋመ። ዓለም ይህን እ.ኤ.አ. በ1962 ባነበበ ጊዜ ደነገጠ። በእኛ ዘንድ ኮሚቴ የለም፤ ኪስ ግን አለ፤ ኪስም ሲመርጥ ማንም አይደነግጥም።

አንዳንዶች «ተስፋውን ስለምን ትነጥቁታላችሁ?» ይላሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ባወቀ ማግስት ምግብ ትቶ ግድግዳ የሚያይ ሰው አለና። ግን እስኪ ነገሩን ከሌላ ወገን እንየው። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተጀምሯል፤ ኩላሊት የሚሰጠውም ብዙ ጊዜ የሥጋ ዘመድ ነው። ልጅ ለአባቱ እሰጣለሁ ሲል፣ ልቀበል ወይስ እምቢ ልበል የሚለው ፍርድ የአባትየው ነው። በስተርጅና እጥበቱን አልፈልግም የሚል ሰውም ቢኖር ፍርዱ የእርሱ ነው። የተሸሸገበት ሰው ግን ሊፈርድ አይችልም፤ ሌሎች ፈርደውበታልና። ስለዚህ እኔ ይነገር ከሚሉት ወገን ነኝ፤ አነጋገሩን ግን ከመርዶ እንማር እላለሁ። ሰው በተሰበሰበበት፣ ክንድ በተዘጋጀበት፣ ቀስ ተብሎ ይነገር፤ በማግሥቱም ቤቱ ባዶ አይሁን።

የመምህሩ ልጆች ይቅርታ ጠይቀዋል። እርሳቸውም ሁለት ነገር አዘዙ፤ ቤቱ እንዳይሸጥ፣ ፎቶግራፋቸውም እንዳይለጠፍ። በሁለተኛው እስከ ዛሬ አልተስማሙም። እጥበቱ ገና አልተጀመረም፤ ግን ሥሩ እስኪጠነክር ወራት ስለሚፈጅ፣ በግራ ክንዳቸው ላይ ደም ቅዳውን ከደም መልሱ ጋር የሚያገናኘው ቀዶ ሕክምና አስቀድሞ ተደርጎላቸዋል። ባለፈው እሑድ ስሄድ የልጅ ልጃቸው ጆሮዋን በክንዳቸው ላይ አስደግፋ ደሙ ሲያልፍ የሚሰማውን ድምፅ ታዳምጥ ነበር። «ወንዝ ይመስላል» አለች። «ዝም ብለሽ ስሚ» አሏት።