የሚያምህ እግርህን፣ መታከም ያለበት ወገብህ

ልጄ፣ ከወገብህ ተነስቶ በመቀመጫህ በኩል እስከ ባትህና እስከ እግርህ ጣት የሚነዝርህን ነገር «ብርድ መትቶኝ ነው» እያልክ አትተወው። ስታስል ወይም ስታስነጥስ ከባሰብህ፣ ብዙ ስትቀመጥ ከጠዘጠዘህ፣ ብድግ ብለህ ስትራመድ ደግሞ ቀለል ካለህ፣ የተነካው የሳያቲክ ነርቭህ ሳይሆን አይቀርም። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት እንዲህ የሚያማቸውን ሰዎች በፊዚዮቴራፒ ስረዳ ነውና የምነግርህን ልብ ብለህ ስማኝ።

ይህ ነርቭ በሰውነታችን ካሉት ሁሉ ወፍራሙ ነው። ከታችኛው አከርካሪ የሚወጡ 5 የነርቭ ሥሮች ተገናኝተው ይሠሩታል፤ ከዚያም በመቀመጫና በጭን ጀርባ አልፎ እስከ እግር ይደርሳል። ሥሩ ወገብ ላይ ሲነካ ሕመሙ የሚሰማህ ነርቩ በሚሄድበት መንገድ ሁሉ ነው። ባትህን በቅባት ስታሽ ብትውል ለጊዜው ደስ ይልህ ይሆናል እንጂ ምንጩን አትነካውም።

በአንተ ዕድሜ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ዲስክ ነው። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ውጭው ጠንካራ፣ ውስጡ ለስላሳ ነው። ውጭው ሲሰነጠቅ የውስጡ ወደ ኋላ ይገፋና ሥሩን ይጫነዋል፤ አካባቢውንም ያስቆጣዋል። ይህ በብዛት የሚደርሰው በወገብ የመጨረሻዎቹ ሁለት ዲስኮች ላይ ነው። ሚክስተርና ባር የተባሉ የቦስተን ሐኪሞች በ1934 እ.ኤ.አ. ይህን ገልጠው ከጻፉ በኋላ ብዙ ሰው መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ብቻ ይመስለው ነበር። ዛሬ ግን የወጣው የዲስክ ክፍል በብዙ ሰው ላይ በጊዜ ብዛት በራሱ እንደሚመጠጥ፣ አብዛኛውም ታማሚ በሳምንታት ውስጥ ያለ ቀዶ ሕክምና እንደሚሻለው እናውቃለን። ኤምአርአይ ተነስተህ «ዲስክ አለብህ» ስትባልም አትደንግጥ፤ ምንም ሳያማቸው በምስል ላይ እንዲህ የሚታይባቸው ብዙዎች ናቸው።

መንስኤው ግን አንድ ብቻ አይደለም። በእኔ እኩያ ሰው ላይ የነርቭ መተላለፊያው ይጠብባል፤ እሱ ሲራመድ ይብስበታል፣ ጎንበስ ሲል ወይም ሲቀመጥ ይቀለዋል። አንዱ አከርካሪ በሌላው ላይ ሊንሸራተት፣ በመቀመጫ ውስጥ ያለ ጡንቻም ነርቩን ሊጫነው ይችላል። ስለዚህ የጓደኛህን መድኃኒትም ሆነ እንቅስቃሴ አትዋስ፤ አንዱን ያዳነ የሌላውን ያባብሳል።

በዚህ ሕመም ላይ ሰው የሚሠራው ትልቁ ስህተት አልጋ ይዞ መክረም ነው። ሲብስብህ አንድ ሁለት ቀን ጋደም ማለት አይከፋም፤ ከዚያ በላይ ስትተኛ ግን ወገብህን የሚይዙት ጡንቻዎች ይሟሽሻሉ፣ ፍርሃትህም ይጨምራል። ፊዚዮቴራፒስት የሚጀምረው ከማሸት አይደለም፤ መርምሮ ወደየትኛው አቅጣጫ ስትንቀሳቀስ እንደሚቀልህ ከመፈለግ ነው። ሮቢን ማኬንዚ የተባለው የኒውዚላንድ ፊዚዮቴራፒስት በ1956 እ.ኤ.አ. አንድ ታማሚ በአጋጣሚ ራስጌው ከፍ ባለ አልጋ ላይ በሆዱ ተኝቶ የእግሩ ሕመም ሲለቀው አየ፤ ትልቅ የሕክምና ዘዴ የተገነባውም ከዚያ ተነስቶ ነው። አንተም ስትሠራ ሕመሙ ከእግርህ ለቆ ወደ ወገብህ ከተሰበሰበ ወገብህ ለጊዜው ቢያምህም ደስ ይበልህ፣ ጥሩ ምልክት ነው። ወደ ታች ከወረደ ግን አቁምና ለባለሙያው ንገር። ሕመሙ ሲበርድ የሆድ፣ የወገብና የመቀመጫ ጡንቻ ማጠንከሪያ፣ ነርቩን ማለማመጃና የእግር ጉዞ ይከተላሉ። ባለሙያው መንገዱን ያሳይሃል፤ በየቀኑ ቤትህ የምትሠራው ደግሞ የአንተ ድርሻ ነው። ቀለለኝ ብለህ የተውከው እንቅስቃሴ ሕመሙን መልሶ ይጠራዋል።

ልጄ፣ ወጌሻን የማከብር ሰው ነኝ፤ ለዚህ ነገር ግን ወገብህን አስረግጠህ «ዲስኬን መልስልኝ» አትበል። ዲስክ በእጅ ተገፍቶ ቦታው የሚገባ ነገር አይደለም፤ ኃይለኛ ጫና የተጎዳውን ሊያባብስ ይችላል። የቪታሚን መርፌ በላይ በላይ መወጋትም የተጫነውን ነርቭ አያስለቅቀውም።

ኑሮህንም አስተካክል። ሾፌር ከሆንክ መኪናውን አቁመህ እየወረድክ ተንቀሳቀስ፤ ቢሮ የምትውል ከሆነም እንዲሁ ቶሎ ቶሎ ተነሳ። ጀሪካን ወይም ጆንያ ስታነሳ ጉልበትህን እጠፍ፣ ሸክሙን ወደ ደረትህ አስጠጋ፣ ተሸክመህም ወገብህን አትጠምዝዝ። ሲጋራ ዲስክን ይጎዳልና ተወው።

አንድ ነገር ግን አደራ እልሃለሁ። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተህ፣ በጭኖችህ መካከል ከደነዘዘህ ወይም ሁለቱም እግሮችህ ከደከሙ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂድ፤ በዘገየህ ቁጥር ጉዳቱ ዘላቂ ሊሆን ይችላል። የእግርህ መዳፍ አልነሳ ብሎ ከተንጠለጠለም ሐኪም ለማየት አትዘግይ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ከወገብ ሕመም ጋር ከመጡ ደግሞ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል ሳትመረመር እንቅስቃሴ አትጀምር። ከእነዚህ አንዱም ከሌለብህ ነገ ጠዋት ቀጠሮ ያዝ፣ እስከዚያም ሕመሙ እስከፈቀደልህ ድረስ ተራመድ።