ሽሮው እስኪበስል

ወንድሜ ሆይ፣ እኅቴ ሆይ! ትምህርት የበዛበት ሰው ማዕዱን ሳያመሰግን ቢበላ ምን አለበት? «ፈተና ደርሷል፤ ጊዜ የለኝም» እንላለን። ነገር ግን ዳንኤል፣ አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤልም ተማሪዎች ነበሩ። በባቢሎን 3 ዓመት የባዕድ ቋንቋና ጽሕፈት እንዲማሩ ተመደቡ። የንጉሡ ማዕድ ቀርቦላቸው ሳለ ለ10 ቀን ጥራጥሬና ውኃ ብቻ እንዲሰጣቸው ለመኑ። ትምህርቱ ጾም አላስፈታቸውም፤ ጾሙም ከትምህርት አላስቀራቸውም።

አንተም በዚህ በ55ቱ ቀን በተከራየሃት ክፍል ሽሮ ትጥዳለህ። ወዲያው ይደርሳል። እናትህ ግን ሽምብራውን ለቅማ፣ ቆልታ፣ ከክታ፣ ቅመም ጨምራ አስፈጭታ እስክትልክልህ ስንት ቀን ደከመች? ገበሬውስ ከዘር እስከ አውድማ ስንት ወር? የምታነብበት ጊዜ የተረፈልህ እኮ በእነርሱ ድካም ነው! ታዲያ በሰው ድካም ባገኘነው ጊዜ «ጊዜ የለኝም» ማለት ተገቢ ነውን?

ምስጋና ሌላ ሰዓት አይጠይቅም። ሽሮው እስኪንተከተክ ስልክህን አስቀምጥና «አባታችን ሆይ» በል፤ እነዚያንም የደከሙልህን በስማቸው አስብ። ከጎንህ ክፍል የሚበላው ያጣ ተማሪ ካለ ጥራው፤ ምስጋና በአፍ ብቻ አያልቅምና። ስትጨርስም ለእናትህ ደውልላት።

አምላካችን አመስጋኝ ልቡና ያድለን፤ አሜን።