የመሳፈሪያው ገንዘብ ምጽዋት ነው ወይስ ዕዳ?

በቁምስናዎቻችን የችግረኞች መርጃ ኮሚቴዎች ሲሰበሰቡ አንድ ጉዳይ በየጊዜው ይነሣል። በጦር ሜዳ አካሉን ያጣ ወይም የቆየ ቁስል ያለበት ሰው ወደ ሕክምና የሚሄድበትን የመሳፈሪያ ገንዘብ ሲጠይቅ፣ የሚሰጠው ብር በመዝገብ ላይ «ምጽዋት» ተብሎ ይጻፍና ጉባኤው ወደ ሌላ ነገር ያልፋል። ጉዳዩ የሒሳብ አያያዝ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ መጽሔት ላይ ባላነሣነው ነበር። ነገር ግን በምጽዋትና በዕዳ መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። ምጽዋት መስጠት ለክርስቲያን ግዴታው ቢሆንም ተቀባዩ «የእኔ ነው» ብሎ የሚጠይቀው አይደለም፤ እጁን ዘርግቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ይጠብቃል። ገንዘቡን ለመቀበል የመጣ አበዳሪ ግን አንገቱን አይደፋም። እንግዲህ ይህ ሰው በደጃችን የሚቆመው በየትኛው አኳኋን ነው?

በቅድሚያ ስለ ምን ዓይነት መንገድ እንደምንነጋገር እናስተውል። በድሬዳዋ ድል ጮራ ሆስፒታል፣ በሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል ብዙ ሕመምተኞችን ይረዳሉ። ሆኖም ከበድ ያለ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው ብዙ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ይላካል፤ ይህም በመኪና መንገድ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሰው ሠራሽ እግር ደግሞ አንድ ጊዜ ተገጥሞ የሚያበቃ ነገር አይደለም። ከተቆረጠው እግር የቀረው ክፍል በመጀመሪያዎቹ ወራት እየከሳ ስለሚሄድ የሚያርፍበት ማቀፊያ ይሰፋበታል፤ የሰፋው ማቀፊያ ቆዳውን ይፍቀዋል፤ የተፋቀው ቆዳ ያመረቅዛል። ስለዚህ ባለሙያው ደጋግሞ ሊያየው ይገባል። እግሩም ራሱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስለሚያረጅ ይለወጣል። በሃያ ዓመቱ እግሩን ያጣ ሰው ዕድሜ ከሰጠው ሃምሳ ዓመት ያህል ይህን መንገድ ይመላለሳል ማለት ነው።

ብቻውን መሄድ የማይችል ከሆነም አስታማሚ ያስፈልገዋልና ቲኬቱ ሁለት ይሆናል። ከመናኸሪያ እስከ ሆስፒታሉ በር ታክሲ አለ፤ ዘመድ ከሌለው የአልጋ ኪራይ አለ፤ ሐኪሙ «ከሦስት ቀን በኋላ ተመለስ» ካለው ሁሉም እንደገና ይደመራል። የጤና መድኅን መታወቂያ ያለው ሰው እንኳ መታወቂያው የሕክምናውን እንጂ የአውቶቡሱን ዋጋ አይከፍልለትም።

በዐቢይ ጾም አራተኛ እሑድ የምናስበው መጻጉዕ ሠላሳ ስምንት ዓመት የተኛው ውኃው ስለ ጠፋ አልነበረም። ውኃው በአጠገቡ ነበረ፤ ክፍያም አይጠየቅበትም ነበር። የጎደለው ከአልጋው አንሥቶ ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው ነው። ወንጌሉ እንዳይወርድ የከለከለው ሰው እንደ ነበረ አይነግረንም፤ በዙሪያው የነበሩት ሁሉ የየራሳቸውን ወረፋ ይጠብቁ ነበር። ዛሬም ሕክምናው በነጻ ተሰጠ ማለት ሕመምተኛው ደረሰበት ማለት አይደለም። መንገዱ የሕክምናው አንድ ክፍል ነው እንላለን።

ይህ ሐሳብ እንግዳ የሚመስለው ካለ ወደ መልካ ጀብዱ ይመልከት። በዚያ የተሠራው የድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የነጻ ንግድ ቀጣና ሆኖ ተመርቋል። ፋብሪካ የሚተክል ባለ ሀብት ሠራተኞቹን ከየሰፈራቸው የሚያመጣ ሰርቪስ ቢመድብ፣ ወጪውን ከመብራቱና ከጥሬ ዕቃው ጋር በሥራ ማስኬጃው ይጽፈዋል። በሰርቪሱ የምትሳፈር ልጅም ምጽዋት የተቀበለች አይመስላትም። ከዚህም በላይ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰበትን ሠራተኛ አሠሪው ተስማሚ በሆነ መጓጓዣ በአቅራቢያው ወዳለው የሕክምና ተቋም እንዲያደርስ ያስገድደዋል። አዋጁ የጦር ኃይሎች አባላትን እንደማይመለከት እናውቃለን፤ እኛ የምንወስደው አንቀጹን ሳይሆን በውስጡ ያለውን ፍርድ ነው። ያሠራ ሰው፣ በሥራው የተጎዳውን ያደርሳል። ወታደሩን ያሠራው ማን ነው? ፋብሪካ አይደለም፤ በስሙ የተላከበት ሕዝብ ነው።

ለድሬዳዋ ሰው ይህ የሩቅ ነገር አይደለም። በነሐሴ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ከተማዋን ለመያዝ ባጠቃ ጊዜ ሳትያዝ የቀረችው ሰዎች በሥጋቸው ስለ መከቱላት ነው። ከእነርሱ በሕይወት ያሉት ዛሬ አረጋውያን ናቸው፤ እኛ ግን በዚያው ከተማ ቤት ሠርተን፣ ልጆች ድረን እንኖራለን። በ1975 ዓ.ም. ብሔራዊ ውትድርና በአዋጅ ከተደነገገ በኋላ ደግሞ ሳይወዱ የተመለመሉ ብዙዎች ናቸው። አንዳንዶች «ያልወደደ ሰው ምን ውለታ ዋለ?» ይላሉ። እኛ ግን ተቃራኒውን እናስባለን፤ ወዶ የሰጠ ሰው ስጦታውን ሊተው ይችላል፣ ተገዶ የተወሰደበት ሰው ግን የተወሰደበት አለ።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ የሚሆኑ የቀድሞው ሠራዊት አባላት ተበተኑ፤ በዚያው ዓመት የተቋቋመው ኮሚሽንም ወደየትውልድ ቦታቸው እንዲጓጓዙ አደረገ። መልካም ሥራ ነበር። ሀገሪቱ የመመለሻ መንገዳቸውን አንድ ጊዜ ከፈለች፤ ቁስሉ ግን ከዚያ በኋላም ተጓዥ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት መጣ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረውና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት የቆመውም ተከተለ። ብሔራዊ የተሐድሶ ኮሚሽን በዚሁ በ2015 ዓ.ም. ተቋቁሞ ከ370,000 በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ የመመለስ ዕቅድ ይዟል።

እዚህ ላይ ከባዱ ጥያቄ ይመጣል። በሌላው ወገን የተዋጋውስ? ዕዳ ከሆነ፣ በእኛ ላይ የተኮሰ ሰው ምን ዕዳ አለብን ሊባል ነው? ጎረቤቶቻችንን ብንጠይቅ በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሰዎች አባቶች በአንድ ጦርነት በሁለት ምሽግ ውስጥ የነበሩበትን ጊዜ እናገኛለን። ለዚህ ሰው ያለብን ዕዳ ከፊተኛው ጋር አንድ ነው ብለን አንሸነግልም። ሆኖም ጦርነቱ በስምምነት ሲያበቃ እርሱም የሀገሪቱ ዜጋ ሆኖ እንዲኖር ተስማምተናል፤ ሲያመረቅዝ በቤቱ ይቅር ብለን ግን አልተስማማንም። በደል ሠርቶ ከሆነ ፍርድ ቤት አለ፤ ማንም ዳኛ ደግሞ በማያገግም ቁስል አይፈርድም። ስለዚህ የየትኛው ጦር አባል እንደ ነበር መጠየቅ የኮሚቴዎቻችን ሥራ አይመስለንም።

ሌላም ተቃውሞ አለ፤ ይህኛውን በቀላሉ አናልፈውም። ካንሰር ይዟት ወደ አዲስ አበባ የምትመላለስ እናት ከወታደሩ በምን ታንሳለች? በችግር አታንስም፤ ምናልባትም ትበልጣለች። የቁምስናው ሣጥን በችግር መጠን የሚከፈት ስለሆነ ለእርሷ ቀድሞ ሊከፈት ይችላል። እኛም የምንለው ወታደሩ ይቅደም ሳይሆን፣ የእርሱ ነገር ከሣጥኑ በፊት ሌላ ከፋይ ነበረው ነው። የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ምእመናን ሐዋርያዊ ተግባር ባወጣው ድንጋጌ፣ በፍትሕ የሚገባው ነገር የፍቅር ስጦታ ተመስሎ እንዳይቀርብ ያስጠነቅቃል። እኛ ወታደሩን በምጽዋት ዐምድ ስንጽፈው የራሱን ገንዘብ ስጦታ አስመስለን እንሰጠዋለን፤ እውነተኛውን ከፋይም ከመዝገብ እንሰርዛለን።

ታዲያ መንግሥት እስኪከፍል እጃችንን አጣጥፈን እንጠብቅ? የሀገራችን ልማድ ለዚህ የተሻለ ስም አለው፤ ዋስ ይባላል። ባለ ዕዳው ሲዘገይ ዋሱ ይከፍላል። ዋሱ ስለ ከፈለ ግን ዕዳው አይጠፋም፤ ባለ ዕዳውን የመጠየቅ መብት ወደ ዋሱ ይተላለፋል። ቁምስና የመሳፈሪያ ሲከፍል እንደ ዋስ ቢከፍል፣ በተለየ ዐምድ «ስለ ሌላው የተከፈለ» ብሎ ቢጽፍ፣ በዓመቱ መጨረሻም ድምሩን ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት በትሕትና ግን በግልጽ ቢያሳውቅ፣ ሁለቱም ሥርዓት ይጠበቃል።

በሌላ ሀገር ይህ በሕግ የሚሠራ ነገር ነው። የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ወደ ሕክምና ለሚመላለሱና መመዘኛውን ለሚያሟሉ የቀድሞ ወታደሮች በአንድ ማይል 41.5 የአሜሪካ ሳንቲም ሒሳብ ለብዙ ዓመታት ሲከፍል ቆይቷል፤ ጠያቂው ከሕክምናው በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ማመልከት አለበት። ዕዳ መሆኑን ማመናቸው ያስመሰግናቸዋል። አሠራሩ ግን ለእኛ አይሆንም፤ አስቀድሞ ከኪሱ ከፍሎ ደረሰኝ ይዞ የሚመጣ ሰው ከመጀመሪያውም ኪስ የነበረው ነውና። በእኛ ዘንድ ገንዘቡ ከመንገዱ በፊት መሰጠት አለበት።

«ተቀብሎ ባይሄድስ?» የሚሉ አሉ፤ ለዚህም ቲኬት ገዝተው በእጁ የሚያስይዙ ኮሚቴዎች አሉ። ጠመንጃ ይዞ ምሽግ እንዲጠብቅ የታመነ ሰው በአውቶቡስ ዋጋ አለመታመኑ ይገርመናል። ካቴኪስቶቻችን እያንዳንዱን ቤት ስለሚያውቁ፣ የቀጠሮውን ወረቀት አይተው የሁለት ሰው የመሄጃና የመመለሻ፣ ከተቻለም የአንድ ሌሊት የአልጋ ዋጋ በእጁ ቢሰጡት ይበቃል። የሚሰጡትም በቢሮ በር ላይ ከተሰለፉት ጋር ሳይሆን ወደ ቤቱ ሄደው ቢሆን እንመርጣለን፤ አበዳሪን ደጅ ማስጠናት ነውር ነውና።