የሠራተኛው ላብ በገዢው ሚዛን

ምስጋና ለአላህ ይገባው፤ ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ ላይ ይውረድ።

ነጋዴ ወንድሜ ሆይ! ዕቃ ስትገዛ ዋጋውን ትጠይቃለህ፤ ጥራቱን ትመረምራለህ። የሠራው ሰው ደመወዙን አግኝቶ እንደ ሆነስ ትጠይቃለህን? «እኔ አልቀጠርሁትም» ብለህ አታመካኝ። አላህ በሱረቱል ሙጠፊፊን የወቀሳቸው ሲቀበሉ አስሞልተው፣ ሲሰጡ ግን አጉድለው የሚሰፍሩትን ነው። የሠራተኛውን ድካም በሙሉ ተቀብሎ፣ ደመወዙ በማይወጣበት ዋጋ ካልሸጣችሁልኝ የሚል ገዢ ከእነዚህ በምን ይለያል?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 በባንግላዴሽ፣ በዳካ አጠገብ፣ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ። መሰንጠቁ በዋዜማው ታይቶ ነበር፤ የልብስ ስፌት ሠራተኞቹ ግን ወደ ሥራ እንዲገቡ ተገደዱ። የሚሰፉትም ልብስ በአውሮፓና በአሜሪካ ሱቆች የሚሸጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ገዢ ኩባንያዎች ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር በሕግ የሚያስገድድ ውል ፈረሙ፤ ፋብሪካዎችም ተመረመሩ። ይህም ገዢ ሥልጣን እንዳለው ያስረዳል፤ ሥልጣን ያለውም በአላህ ፊት ይጠየቃል።

ስለዚህ ከመዋዋልህ በፊት የሥራውን ቦታ ደኅንነትና የደመወዙን አከፋፈል መርምር። ነቢዩ የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ እንዲሰጥ አዘዋልና፣ አንተም የዕቃውን ሒሳብ አታዘግይ። በደል ብታገኝ እንዲታረም ምከር፤ እንቢ ካሉ ግዢህን አቁም። እናንተም ቤተ ሰቦች ሆይ! ርካሽ ልብስ ስታገኙ ጉድለቱን ማን እንደ ከፈለ አስቡ።

አላህ ከሰው ሐቅ የጠራ ሲሳይ ይስጠን። አሚን።