ስለ ምጽዋት መሰወርና መገለጥ፤ የቤተ ክርስቲያንና የበጎ አድራጎት ማኅበር ድረ ገጽ እንዴት ሊሆን ይገባዋል?

በጎ ሥራ ሁለት ጠላቶች አሉት፤ አንደኛው ውዳሴ ከንቱ ነው፤ ሁለተኛውም ሐሜት ነው። ውዳሴ ከንቱን የሚፈራ ሰው ሥራውን ይሰውራል፤ ሐሜትን የሚፈራ ግን ሥራውን በአደባባይ ይገልጣል። ከአንዱ ለመሸሽ የሚሮጥም ብዙ ጊዜ ሳያስበው በሁለተኛው እጅ ይወድቃል። ይህ ችግር ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነው፤ ዳሩ ግን ድረ ገጽ የተባለው አደባባይ ከተከፈተ ወዲህ እጅግ ከብዷል።

ይህ ጥበብ ዕድሜው ገና ትንሽ ነው። ቲም በርነርስ ሊ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው ሰርን በተባለው የምርምር ተቋም ሳለ አሳቡን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1989 ዓ.ም. አቀረበ፤ ተቋሙም በ1993 ዓ.ም. ጥበቡን ያለ ዋጋ ለዓለም ሁሉ ለቀቀው። የቫቲካን ድረ ገጽ በ1995 ዓ.ም. በልደት በዓል ተከፈተ። የግዕዝ ፊደልም ዩኒኮድ በተባለው የፊደላት መዝገብ ውስጥ በ1999 ዓ.ም. ገባ። ከዚያ በኋላ ታላላቆቹ መናብርት ብቻ ሳይሆኑ በባዕድ አገር በኪራይ አዳራሽ የሚቀድስ ትንሽ ጉባኤ እንኳ የራሱን ድረ ገጽ ለመክፈት ቻለ።

እንግዲህ የድረ ገጽ መልካምነቱ በምን ይለካል? ብዙዎች በተመልካች ብዛትና በመልክ ማማር ይለኩታል። ነገር ግን ድረ ገጽ ለቤተ ክርስቲያን እንደ ደጀ ሰላም ነው፤ የደጀ ሰላምም ክብሩ የመጣውን ሰው ማስገባቱ ነው። ወደ ከተማው አዲስ የገባ እንግዳ ቅዳሴው በስንት ሰዓት እንደሚጀመርና ቦታው የት እንደ ሆነ ለማወቅ ይፈልጋል፤ የታመመ ዘመድ ያለው ሰው የካህኑን ስልክ ይሻል፤ በዐረብ አገር በሰው ቤት የምታገለግል እኅትም በእጅ ስልኳ ለምታነበው ለእያንዳንዱ ገጽ ከደመወዟ ትከፍላለች። የሚፈልጉትን ቶሎ ካላገኙ ጌጡ ሁሉ ለእነርሱ የተዘጋ በር ነው።

ዕውር የሆነውም ሰው ሊረሳ አይገባውም። እርሱ ገጹን የሚሰማው ጽሑፍን ወደ ድምፅ በሚለውጥ መሣሪያ ነው፤ መሣሪያውም ፊደልን እንጂ ሥዕልን በሚገባ አያነብም። ስለዚህ የበዓሉን ማስታወቂያ በሥዕል ላይ ብቻ ጽፎ መለጠፍ በዕውሩ ፊት መጋረጃ መጣል ማለት ነው። ዓለም አቀፉ የድር ማኅበር በ1999 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ለማንኛውም ሥዕል በቃል የተጻፈ መግለጫ እንዲሰጠው ያዘዘው ስለዚህ ነው።

ከዚህም ሁሉ በላይ እውነት ይቀድማል። ከሦስት ዓመት በፊት የተለወጠ ሰዓት ዛሬም ተጽፎ ሲገኝ፣ የተቋረጠ ሥራም እንደሚሠራ ሆኖ ሲነገር፣ ድረ ገጹ ማንም ሐሰት ሳይናገርበት ሐሰተኛ ምስክር ይሆናል። እንግዲህ አንድ ታማኝ ሰው ሳይሾሙበት ድረ ገጽ መክፈት ጠባቂ የሌለው በር እንደ መትከል ነው።

የነገሩ ጥልቀት ግን የሚታየው ስለ ገንዘብና ስለ ድሀው ሰው በተነሣ ጊዜ ነው። በማቴዎስ ወንጌል በ6ኛው ምዕራፍ ጌታ ምጽዋት በስውር እንዲደረግ ያዝዛል፤ በ5ኛው ምዕራፍ ግን መልካሙ ሥራ በሰው ፊት እንዲበራ ይናገራል። ሐዋርያው ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ቅዱሳን የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን ለመያዝ አልፈቀደም፤ ነቀፋ እንዳይመጣ የታመኑ ወንድሞችን አብሮ እንደ ላከ ለቆሮንቶስ ሰዎች በላከው በሁለተኛው መልእክት በ8ኛው ምዕራፍ ይገኛል። እነዚህ ትእዛዛት ለችኩል አንባቢ የሚጋጩ ይመስላሉ፤ ነገር ግን በምጽዋት ሥራ ውስጥ ሦስት ሰዎች እንዳሉ የሚያስተውል ሰው ግጭት አያገኝባቸውም። እነዚህም ሰጪው፣ መጋቢውና ተቀባዩ ናቸው፤ ለእያንዳንዳቸውም የሚገባው ሕግ ልዩ ነው።

ሰጪው ይሰወር። የለጋሾችን ስም ከገንዘባቸው ልክ ጋር በተራ ደርድሮ በድረ ገጽ ላይ ማውጣት ባለጠጋውን ለትዕቢት፣ ጥቂት ያላትን መበለት ግን ለኀፍረት ይዳርጋል። ስሙ ስለ ተጻፈ የሰጠ ሰውም ስሙ ሳይጻፍ በቀረ ጊዜ እጁን ይሰበስባል።

መጋቢው ግን ይገለጥ። ገንዘቡ የእርሱ አይደለምና ስለ ትሕትና ብሎ ሒሳቡን ሊሰውር አይችልም፤ በመጋቢ ዘንድ እንዲህ ያለው ዝምታ ትሕትና ሳይሆን ጨለማ ነው። በአሜሪካ አገር ብዙዎቹ የበጎ አድራጎት ማኅበራት 990 የተባለውን ቅጽ በየዓመቱ ለመንግሥት እንዲያቀርቡና ለሚጠይቃቸውም ሁሉ እንዲያሳዩ ሕግ ያስገድዳቸዋል፤ አብያተ ክርስቲያናት ግን ከዚህ ግዴታ ነፃ ናቸው። ይህ ነፃነት በዚያ አገር ለሚገኙት የኢትዮጵያውያን ጉባኤያትም ይደርሳል። እንግዲህ ሕግ ያላስገደደውን ኅሊና ሊያስገድድ አይገባምን? ምን ያህል ገባ፣ ምን ያህል ለነዳያን ወጣ፣ ምን ያህል ለሠራተኛና ለቤት ኪራይ ተከፈለ፣ ምን ያህልስ ቀረ ብሎ በግልጥ ቋንቋ የሚጽፍ ጉባኤ ሐሜተኛውን ያለ ክርክር ያሳፍረዋል። ይህን የማያደርግ ግን ሰጪውን ላም አለኝ በሰማይ ያሰኘዋል።

ተቀባዩ ደግሞ ይጠበቅ። ከሦስቱ ሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ የኢትዮጵያም ሰው ክብደቱን ያውቀዋል። በጥቅምት ወር 1984 ዓ.ም. ማይክል ቡርክ የተባለው የቢቢሲ ወሬ ነጋሪና መሐመድ አሚን የተባለው ኬንያዊ ካሜራ አንሺ በኮረም ያዩትን የረኀብ መከራ ለዓለም አሳዩ። በሐምሌ ወር 1985 ዓ.ም. ላይቭ ኤይድ የተባለው ታላቅ የሙዚቃ ጉባኤ በሎንዶንና በፊላደልፊያ እስኪደረግ ድረስ የብዙ አሕዛብ ልብ ተነካ፤ ብዙ እህልም መጣ። ዳሩ ግን ያ ሥዕል ረኀቡ ካለፈ በኋላ በአገሪቱ ስም ላይ ተጣብቆ ቀረ፤ ልጆቿም በሄዱበት ሁሉ በዚያ መልክ ታወቁ። ስለ እንዲህ ያለው ሥዕል ክርክር ተነሥቶ በ1989 ዓ.ም. የአውሮፓ መንግሥታዊ ያልሆኑ የልማት ድርጅቶች የድሀ አገር ሰዎች ሥዕል በምን ዓይነት አኳኋን መታየት እንደሚገባው የሚወስን የሥነ ምግባር ደንብ አጸደቁ።

በዚህ ላይ ከባድ መከራከሪያ ይቀርባል፤ የተራበው ሕፃን ሥዕል ካልታየ ማንም አይሰጥም፤ ማንም ካልሰጠም ሕፃኑ ይሞታል፤ የሞተ ሕፃን ክብር ምን ይጠቅመዋል የሚል ነው። ይህ አነጋገር በቀላሉ የሚናቅ አይደለም፤ የኮረም ሥዕል ባይታይ ኖሮ የሚሞተው ሰው በበዛ ነበርና። ነገር ግን የተሰወረ እልቂትን ለዓለም መመስከር አንድ ነገር ነው፤ በየዓመቱ ሣጥን ለመሙላት የድሀን ገመና መዘርጋት ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው እንደ እሳት ጩኸት ነው፤ ጩኸቱ ግን እሳቱ ከጠፋ በኋላ ልማድ ሊሆን አይገባውም።

ደግሞም እህል የተሰጠው ሰው ፎቶግራፍ አትነሣም ብሎ ለመከልከል አቅም የለውም፤ እሺ ማለቱ ከረኀቡ የመጣ እንጂ ከፈቃዱ የመጣ አይደለም። በድረ ገጽ ላይ የወጣ ሥዕልም እንደ ጋዜጣ ወረቀት አያረጅም፤ በሺህ ስፍራ ይገለበጣል፤ ያወጣውም ሰው ቢጸጸት ሊመልሰው አይችልም። ያ ሕፃን አድጎ ሥራ በሚፈልግበትና ሚስት በሚያጭበት ጊዜ የልመናው ሥዕል ቀድሞት ይደርሳል። ስለዚህ አንድ የአንድ ቀን ምሳ የተቀበለ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲከፍልበት ይኖራል፤ ይህም ምጽዋት መሆኑ ቀርቶ ብድር ይሆናል፤ ያውም ወለዱ የከፋ ብድር።

ለዚህ የሚበቃ ቀላል ሚዛን አለ። ሥዕሉን የሚያወጣው ሰው የተነሣችው ሴት የገዛ እናቱ ብትሆን፣ ጎረቤቶቹም ሁሉ ቢያዩት፣ ያወጣው ነበርን? የማያወጣው ከሆነ የሌላይቱንም እናት ይተዋት። የተቆፈረውን ጕድጓድ፣ የተተከለውን ችግኝ፣ የተከፈተውን የትምህርት ክፍል፣ ሰውየውንም ቢሆን በገዛ ፈቃዱ ቆሞ ሲሠራ ያሳይ፤ ስሙንም እንደ ሰው ይጥራው። በዚህ ምክንያት ገንዘቡ ጥቂት ቢጐድል እንኳ ጕድለቱን የሚሸከመው ማኅበሩ ይሁን እንጂ የድሀው ፊት አይሁን።

እንግዲህ የቤተ ክርስቲያንም ሆነ የበጎ አድራጎት ማኅበር ድረ ገጽ በእነዚህ በሦስቱ ይመዘን፤ ሰጪው በውስጡ ሳይታይ፣ መጋቢው በውስጡ ሳይሸሸግ፣ ተቀባዩም በውስጡ ሳያፍር ቢገኝ፣ ጌጡ ጥቂት ቢሆንም ሥራውን ፈጽሟል። ከሦስቱ አንዱ የጎደለበት ግን ሺህ ሰው ቢያየውም የሺህ ሰው ዓይን ጉድለቱን አይሞላለትም።