ኤሙምቧ

በኡጋንዳ መዲና በካምፓላ ገበያ ውስጥ ጆንያ ላይ ተደርድሮ የሚታየው ኤሙምቧ ለማያውቀው ሰው መድኃኒት አይመስልም። ጭቃ ነው፤ በመዳፍ ተድቦልቡሎ የረዘመ፣ ፀሐይ ያደረቀው፣ ግራጫ ወይም ቡናማ ጭቃ። ጠጋ ብሎ ለሚያይ ግን ገላው ላይ የደቀቀ ቅጠል ነጠብጣብ፣ የሥር ቃጫ፣ የልጥ ፍርፋሪ አለ። ቅጠሉ ደርቆ ተወቅጧል፤ ከጭቃው ጋር ታሽቶ አብሮ ደርቋል።

የምትጠቀምበት አብዛኛውን ጊዜ ነፍሰ ጡር ናት። የተሰበረ ሸክላ ገል ታነሣለች፣ ውሃ ጠብ ታደርግበታለች፣ ኤሙምቧውን ትፈትግበታለች። ጭቃው ቀስ እያለ ይሟሟል፣ ውሃው ይደፈርሳል፣ ትጠጣዋለች። የተረፈው መልሶ ይደርቅና ለነገ ይቀመጣል። ጠርሙስ የለም፣ ክዳን የለም፣ ማንኪያ የለም። መጠኑን የሚያውቀው የምትፈትገው ክንድ ነው።

የጠርሙስ መድኃኒት የመጣበት በር ሌላ ነው፤ ከከተማው ደቡብ ምሥራቅ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር፣ ፖርት ቤል የሚባል ወደብ አለ። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1906 የእንግሊዝ ኮሚሽነር ሆነው ከመጡት ከሄስኬዝ ቤል ነው። ባቡር ከሐይቁ ማዶ፣ ኬንያ ውስጥ ያለችው ኪሱሙ የደረሰው በ1901 ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያለው መንገድ የውሃ ነበር። ኪሱሙ ላይ መርከብ የተሳፈረ ዕቃ እዚህ ወደብ ይራገፍ ነበር፤ ከሣጥኖቹም መካከል የመድኃኒት ጠርሙስ አይጠፋም። ካምፓላ ውስጥ ሜንጎ ላይ ሐኪሙ አልበርት ኩክ ሆስፒታል ከከፈቱ ከ1897 ጀምሮ ጠርሙሱን የሚጠብቀው ነበረ። ዛሬ ፖርት ቤል በጠርሙስ የሚታወቀው በሌላ ነገር ነው፤ በ1946 የተቋቋመው የቢራ ፋብሪካ እዚሁ ነው፣ ቢራውም የወደቡን ስም ይዟል።

ኤሙምቧ በዚህ ወደብ አልገባም። የሚያስገባው ነገርም የለውም፤ ጭቃውም ቅጠሉም ከዚያው አገር ነው። ባለሱቅ፣ አስመጪ፣ ሰነድ ሳያስፈልገው ከሴት ወደ ሴት ሲተላለፍ የኖረ መድኃኒት ቤት ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። የከተማው ውሃ ግን ገበያውንና ወደቡን ያገናኛል። የናኪቩቦ ቦይ በኦዊኖ ገበያ አጠገብ ያልፍና፣ ደንገል የበቀለበትን ረግረግ አቋርጦ፣ በፖርት ቤል በኩል ወደ ሐይቁ ይፈስሳል። ደንገሉ የከተማውን ጉድፍ በአቅሙ ያጣራል።

በጆንያው ላይ ኤሙምቧ ብቻውን አይደለም። አጠገቡ ሕፃን የሚታጠብበት የኤክዮጌሮ ቅጠል በእቅፍ በእቅፍ ታስሮ አለ፤ ሙሉሉዛም አለ፣ እኛ ግራዋ የምንለው፣ ጋን የምናጥብበት። እነዚህን ዐይን ይለያቸዋል። ኤሙምቧን ግን አይለየውም፤ አንዴ ከተወቀጠና ከጭቃ ከታሸ በኋላ የየትኛው ዛፍ ቅጠል እንደ ነበር የምታውቀው ያበጀችው ናት። ጭቃው ዕቃ ብቻ አይደለም፣ ቁልፍም ነው። በእኛ አገር ደብተራው የመድኃኒቱን ነገር በብራና ጽፎ ብራናውን ይደብቃል፤ የዕፁ ስም በአደባባይ ከተጠራ ኃይሉ ይደክማል የሚሉም አሉ። እዚህ የሚደበቅ ጽሑፍ እንኳ የለም። ጎረቤት ገዝታ ልትጠጣው ትችላለች፤ አይታ ልትሠራው ግን አትችልም። ሙያው ያለ ባለቤትነት ወረቀት ለመቆየቱ አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ሕግ ሁልጊዜ አልዘጋበትም። የ1957ቱ የኡጋንዳ የጥንቆላ ሕግ፣ ስሙ እንደሚያስፈራው ሳይሆን፣ የባህል መድኃኒትን በቅን ልቡና መሥራትና መሸጥን ከጥንቆላ ውጭ አድርጎ አስቀምጧል። ወንደገያ ያለው የመንግሥት ላቦራቶሪ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ዕፀዋትን ሲመረምር ኖሯል። በ2019 ደግሞ የባህል ሕክምና ራሱን የቻለ ሕግ ወጣለት። በጠርሙስና በካርቶን የታሸገ፣ ስም የተለጠፈበት የቅጠል መድኃኒትም በካምፓላ ፋርማሲዎች ይሸጣል።

ኤሙምቧ ግን ገና ከገሉ አልወረደም። ካምፓላ ውስጥ ያለች ነፍሰ ጡር ከጤና ጣቢያ የተሰጣትን የብረት ኪኒን ጠዋት ውጣ፣ ማታ ገሏን ብታነሣ እንግዳ ነገር አይደለም። አንዳንድ ጭቃ ብረቱን ሆድ ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል። አንዳንድ ቅጠልም ማሕፀንን ያኮማትራል፤ በምጥ ሰዓት የሚፈለግበትም የሚፈራበትም በዚሁ ነው። አዋላጅዋ ይህን እንድትነግራት መጀመሪያ ስለ ገሉ መጠየቅ አለባት። በቁጣ ከጠየቀች የምታገኘው መልስ «የለም» ነው።