አብሮ ማየትና ለብቻ ማየት

አዲስ አበባ ውስጥ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት በተከፈተበት ዘመን ሕዝቡ ስፍራውን «የሰይጣን ቤት» ብሎ ይጠራው እንደነበር ይታወቃል። በጨለማ ውስጥ በግድግዳ ላይ የሚንቀሳቀሱ ሰዎችን ማየት ለአባቶቻችን እንግዳና አስፈሪ ነገር ነበርና ስያሜው አያስደንቀንም። ዛሬ ግን ፊልም ለማየት ከቤት መውጣት እንኳ አያስፈልግም። ስለሆነም «ፊልምን በሲኒማ ቤት ማየት ይሻላል ወይስ በመኖሪያ ቤት?» የሚለውን ጥያቄ ብዙዎች የምቾትና የወጪ ጉዳይ አድርገው ይመለከቱታል። እኛ ግን ጥያቄው ልባችንን ምን እያለማመድነው እንደሆነ የሚነካ የግብረ ገብ ጥያቄ ነው እንላለን።

ቤተ ክርስቲያን ይህን ጉዳይ ማሰብ የጀመረችው ዛሬ አይደለም። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ እ.ኤ.አ. በ1936 ዓ.ም. «ቪጂላንቲ ኩራ» በተሰኘው መልእክታቸው፣ ሰው በጨለማ አዳራሽ አእምሮውን አሳርፎ በሚቀመጥበት ጊዜ የሚያየው ምስል ምን ያህል እንደሚገዛው አስገንዝበዋል። ከ21 ዓመት በኋላ ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 12ኛ «ሚራንዳ ፕሮርሱስ» በተሰኘው መልእክት፣ ምስሉ በቴሌቪዥን አማካይነት ወደ ቤተሰብ መኖሪያ መግባቱን አነሡ። እንግዲህ የእረኞቹ አሳብ ምስሉን ተከትሎ ከአዳራሽ ወደ ቤት ተሻግሯል ማለት ነው። ይህም ፊልምን ለመኰነን አልነበረም፤ ሲኒማ 100ኛ ዓመቱን በያዘበት በ1995 ቫቲካን ሊታዩ የሚገባቸውን 45 ፊልሞች ዘርዝራ አቅርባለችና። ከእነዚህ አንዱ ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ዴ ሲካ በ1948 የሠራው «የቢስክሌት ሌቦች» ነው።

በዘርዓ ክህነት ትምህርት ቤት ሳለን ይህን ፊልም በአንድ ቅዳሜ ማታ፣ በመመገቢያ አዳራሹ፣ በአንዲት ቴሌቪዥን ዙሪያ ተሰብስበን አይተነዋል። ታሪኩ ከጦርነቱ በኋላ በሮም ከተማ ሥራ አጥቶ ስለቆየ አንድ አባት ነው። ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ ያገኛል፤ ሥራው ግን ያለ ቢስክሌት አይሆንም። ሚስቱ የአልጋ አንሶላዋን በመያዣ ሰጥታ ቢስክሌቱን ታስመልስለታለች፤ በመጀመሪያው የሥራ ቀን ግን ይሰረቃል። አባትና ትንሹ ልጁ ሌባውን ፍለጋ ከተማውን ሲያዳርሱ፣ ልክ በዚያ መካከል መብራት ጠፋ። በጨለማው ተቀምጠን ተከራከርን። አንዱ «ያገኘዋል» ሲል፣ ሌላው «ሌባውስ ምን ሊፈረድበት ይገባል?» ሲል ብዙ ቆየን። መብራቱ ሲመለስ ያየነው ግን ማናችንም ያልጠበቅነውን ነበር። ያ አባት ራሱ የሰው ቢስክሌት ሰርቆ ሲሸሽ፣ ሕዝብ ሲይዘው፣ ልጁ እያየው ሲዋረድ አየን። ጥቂት ቀደም ብሎ በሌባው ላይ ከባድ ፍርድ የፈረድን ሁላችን ዝም አልን።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ያንኑ ፊልም ማታ በክፍላችን ለብቻችን በኮምፒውተር ከፈትነው። ወደዚያ የውርደት ትዕይንት ስንደርስ ግን ደክሞን ነበርና፣ እጃችን ሳናስበው ወደ ፊት ማሳለፊያው ሄደ። አሳለፍነው። ማንም አላየንም፤ ማንም አልጠየቀንም። በወጣትነታችን ዝም ያሰኘን ታሪክ በእጃችን ላይ የአንድ አፍታ ነገር ሆነ።

ከዚያች ማታ በኋላ ይህ አድራጎታችን ሲያሳስበን ቆይቷል። በአዳራሽ የተቀመጠ ሰው ታሪኩን በታሪኩ በራሱ ጊዜ ይቀበላል፤ የሚያመውን ክፍል መዝለል አይችልም፤ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ሲተነፍስና ሲያለቅስ ይሰማዋል። ለብቻው የሚያይ ግን ጌታው ራሱ ነው። የሌላውን መከራ በፈቀደ ጊዜ መዝለልን የለመደ እጅ፣ የታመመ ጎረቤት ሕመሙን በዝርዝር ሲያጫውተው ደግሞ ማሳለፊያ መፈለጉ ይቀራልን?

ይህን ስንል ሲኒማ ቤትን ቅዱስ ስፍራ ማድረጋችን አይደለም። ብዙ ሰው በአንድነት የሰውን ውርደት አይቶ ሊስቅ ይችላል፤ እኛም ከሳቂዎቹ ጋር መሳቃችን ያጋጥማል። ደግሞም የመግቢያው ዋጋ የሚከብደው ቤተሰብ፣ ሕፃን የታቀፈች እናት፣ ከአልጋ የዋለ በሽተኛ፣ ሲኒማ ቤት በሌለበት ገጠር የሚኖር ምእመን አለ። ቤትም የራሱ ጸጋ አለው። አባት ወይም እናት ፊልሙን ገታ አድርገው ልጃቸውን «አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ብለው ሊጠይቁ የሚችሉት በቤት ነው። ለመጠየቅ ማቆምና ለመሸሽ ማሳለፍ አንድ አይደሉም።

የሚያሰጋው ግን ዛሬ ቤቱም ራሱ መከፋፈሉ ነው። አባት በሳሎን፣ ሴት ልጅ በመኝታዋ በስልኳ፣ ወንዱ ልጅ ማዳመጫ በጆሮው አድርጎ፣ እያንዳንዱ የየራሱን ያያል። በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት አዳራሾች በተዘጉ ጊዜ ይህ ልማድ ይበልጥ ሥር ሰደደ። አራት ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ውለው አንዱ በምን እንደሳቀ፣ ሌላው በምን እንዳዘነ ሳይተዋወቁ ያድራሉ። ስለዚህ ልዩነቱ በአዳራሽና በቤት መካከል ሳይሆን አብሮ በማየትና ለብቻ በማየት መካከል ነው።

ካቴኪስቶች ሆይ፣ በየቁምስናችን ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ወጣቶችን ሰብስበን አንድ ጥሩ ፊልም እስከ መጨረሻው እናሳያቸው፤ ከዚያም ቸኩለን ትምህርቱን ከመንገር በፊት እነርሱ ይናገሩ። ወላጆች ሆይ፣ በሳምንት አንድ ማታ ስልኮቹ ይቀመጡ፣ ቤተሰቡ በአንድ መስኮት ይመልከት፣ ቡናውም ጨዋታውም ከዚያ ይቀጥል።

በዚያ ፊልም መጨረሻ የቢስክሌቱ ባለቤት ሰራቂውን አልከሰሰውም፤ ለቀቀው። ከቁጣው ወደ ምሕረት የመለሰው አጠገብ ቆሞ የሚያለቅሰውን ልጅ ማየቱ ነበር። እኛም ስናይ ከአጠገባችን የሰው ፊት አይጥፋ።